በሰዓት የሚከፈለው የትኛው ሰዓት ነው?

ክቡር አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሰኔ ወር እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የምረቃ ድግስ ላይ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። የተመራቂው አባት፣ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው ሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ልጃቸው ሊገባበት ላሰበው የበረራ ትምህርት ቤት የሚውል የ100 ሺሕ ዶላር የብድር ማመልከቻ ሲሆን፣ የዋስ ስምና ፊርማ የሚሰፍርበት ቦታ ገና ባዶ ነበር። በጀርባው ላይ ጋሼ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ሒሳብ ሠርተዋል፤ ጀማሪ አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ድምሩ 187,200 ዶላር። «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ልጁ ዕዳውን በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል፤ አይደለም እንዴ ካፒቴን?» አሉኝ።

ማባዛታቸው ልክ ነበር። 90 ዶላሩም ቢሆን ከመሬት የተነሣ ቁጥር አይደለም፤ በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥር ያሉት ኤንቮይና ፒድሞንት የተባሉ የአጭር ርቀት አየር መንገዶች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የጀማሪ ረዳት አብራሪን የሰዓት ክፍያ ከጊዜያዊ ጭማሪው ጋር ወደዚህ መጠን ማድረሳቸው በይፋ የተነገረ ነው። ችግሩ ያለው 40 በሚለው ቁጥር ላይ ነው። በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለ አብራሪ ደመወዝ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «በሰዓት ስንት ነው?» ይለኛል፤ የትኛው ሰዓት እንደሚቆጠር ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ወላጆች የቤታቸውን ዋጋ አስይዘውም ሆነ ስማቸውን አስፍረው ለልጆቻቸው ዋስ የሚሆኑት በዚህ ባልተጠየቀ ጥያቄ ላይ ስለሆነ፣ በሙያው ውስጥ የቆየ ሰው የሚያውቀውን በግልጽ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ። የምጽፈው በዋናነት ስለምሠራበት ስለ አሜሪካ አሠራር ነው፤ የሌላው አገር ሌላ ነው።

እኔ ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት በደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እነዳ ስለነበር ነገሩን በታክሲ ሜትር ማስረዳት ይቀለኛል። ባለታክሲው በአየር ማረፊያው የወረፋ ቦታ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥም ሜትሩ መቁጠር የሚጀምረው ተሳፋሪው ገብቶ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። የአብራሪም ደመወዝ በመሠረቱ እንደዚሁ ነው። በሙያው ቋንቋ «ብሎክ» የሚባለው የሚከፈልበት ሰዓት የሚጀምረው በሮች ተዘግተው፣ ፍሬን ተለቅቆ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ሲነቃነቅ ሲሆን፣ የሚያበቃው በመዳረሻው መቆሚያ ላይ ደርሶ ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት የአየር ጠባይ መረጃ ማንበብ፣ የነዳጅ መጠን መወሰን፣ አውሮፕላኑን ዞሮ መፈተሽ፣ ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት፣ ተሳፋሪ እስኪገባ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሁለት በረራዎች መካከል አየር ማረፊያ ውስጥ መቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ በአብዛኛው ግን ሜትሩ አይቆጥረውም።

አንድ ቀን ብቻ ላንሣ። በመጀመሪያው አየር መንገዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ስቀጠር የሰዓት ክፍያዬ 24 ዶላር ነበር። በዚያው ክረምት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ በሆነበት አንድ ሌሊት፣ ከሆቴል አልጋዬ የተነሣሁት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 አየር ማረፊያ ተገኝቼ በባትሪ መብራት አውሮፕላኑን ዞርኩት፤ ክንፉን በጓንቴ ስዳስሰው ውርጩ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የዕቃ መጫኛው በር ጠቋሚ መብራት አልጠፋ አለ። መካኒክ ተጠራ፤ መጣ፤ ዕቃ ሊያመጣ ሄደ፤ ተመለሰ። እኛ መሪው ላይ፣ አስተናጋጇ ከተሳፋሪው ጋር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከቦታችን ሳንነቃነቅ ጠበቅን። በኋላ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በረርን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሌላ አየር ማረፊያ ውስጥ ተቀመጥን፣ ቀጥለን 1 ሰዓት ተኩል በረርንና ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሆቴል ገባን። ከእንቅልፌ ከተነሣሁ 11 ሰዓት ሆኖኛል፤ የተቆጠረልኝ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ የቀኑ ደመወዝ 68 ዶላር። በዚያ ቀን የተጨቃጨቀም የበደለኝም ሰው አልነበረም፤ ውሉ የሚለው እንደዚያ ስለነበር ነው። የበረራ አስተናጋጆችም በዚሁ መንገድ ይከፈሉ የነበረ ሲሆን፣ ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ተሳፋሪ በሚገባበት ጊዜ የሰዓት ክፍያቸውን ግማሽ ሊከፍላቸው መጀመሩ በኢንዱስትሪው እንደ ትልቅ ለውጥ የታየው ለዚህ ነው።

ሰዓቱ የደመወዝ መለኪያ የሆነው በትናንትናው ቀን አይደለም። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር፣ አልፓ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ተመሥርቶ በ1930ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት የሠራተኛ ቦርድ በኩል ያገኘው ውሳኔ ክፍያውን ከበረራ ሰዓትና ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ጋር አያይዞ የወሩን በረራ በ85 ሰዓት ገደበው። የዚያ ዘመን አብራሪዎች ይህን የፈለጉት ለጥቅማቸው ነው፤ አውሮፕላን በፈጠነ ቁጥር ያው ኪሎ ሜትር በአጭር ሰዓት ስለሚያልቅ ባለቤቱ ብቻ እንዲጠቀም አልፈለጉም። ዛሬም ትልቅ አውሮፕላን የሚያበር ካፒቴን ከትንሹ አብራሪ በሰዓት የበለጠ የሚያገኘው በዚያ አስተሳሰብ ላይ በተገነባ ሠንጠረዥ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጋሼ የጻፉት 2,080 ሰዓት በሕግ አይቻልም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የዕረፍት ደንብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት፣ በ365 ቀን ውስጥ ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለክላል። ስለዚህ ማንም አየር መንገድ አንድን አብራሪ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት ማብረር አይችልም። አየር መንገዶች በተግባር የሚሰጡት በወር ከ70 እስከ 75 ሰዓት የሚደርስ ዝቅተኛ ዋስትና ነው፤ ሥራ ቢጠፋም ይህን ያህል ይከፈላል። የጋሼን 90 ዶላር በ75 ሰዓት፣ በ12 ወር ብናባዛው 81,000 ዶላር ይመጣል። መልካም ደመወዝ ነው፤ እኔ በ24 ዶላር ስጀምር በዚያው ሒሳብ ዋስትናዬ 21,600 ዶላር ነበር። ነገር ግን ዋስ ለመሆን ብዕር በያዙት ሰው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ግማሹን እንኳ አይሞላም።

75 ሰዓት ብቻ ከሆነ አብራሪ ቀሪውን ወር ያርፋል ማለት ነው ወይ የሚለኝም ብዙ ነው። አንድ የተለመደ የአራት ቀን ጉዞ ልውሰድ። አብራሪው ከቤዙ፣ ማለትም ሥራውን እንዲጀምር ከተመደበበት አየር ማረፊያ፣ ከወጣ እስኪመለስ 78 ሰዓት ያህል ሲርቅ የሚቆጠርለት 21 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በ90 ዶላር 1,890 ዶላር። በዚህ ላይ ከቤዝ ለራቀበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚታሰብ ውሎ አበል አለ፤ በሰዓት 2 ዶላር ተኩል ብንለው 195 ዶላር ይጨመራል፤ ምግቡን ከዚያ ይበላል። ድምሩን ለ78 ሰዓት ብናካፍለው ከልጆቹ ርቆ ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት 27 ዶላር አይሞላም። እንዲህ ያለውን ጉዞ በወር አራት ጊዜ ማድረግ 16 ቀን ከቤት መራቅ ነው። ጥሩ ማኅበር ያላቸው አየር መንገዶች ይህን ለማስታረቅ በውላቸው ውስጥ መከላከያ አስገብተዋል፤ ለምሳሌ ሰው ከቤቱ ለራቀበት ለተወሰነ ሰዓት ልክ ቢያንስ አንድ የሚከፈል ሰዓት እንዲታሰብ፣ ወይም ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል እንዲከፈል የሚያስገድድ አንቀጽ። በወረቀት ላይ ሁለት አየር መንገዶች አንድ ዓይነት የሰዓት ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ውል ይህ አንቀጽ ኖሮት ሌላው ከሌለው ግን በዓመቱ መጨረሻ ኪስ ውስጥ የሚገባው አይገናኝም። ወጣቶች ቃለ መጠይቅ ሲሄዱ የሰዓቱን ዋጋ በቃላቸው ይዘው ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ሲፈርሙ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እሱም ሲኒየሪቲ የምንለው የቅጥር ቀን ቅደም ተከተል ነው። አንድ አብራሪ ሥራ በጀመረበት ቀን በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር የበረራ ችሎታውን፣ ትምህርቱን፣ ጠባዩን አያውቅም፤ የሚያውቀው መቼ እንደመጣ ብቻ ነው። የየወሩ ፕሮግራም፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሚመደብበት ቤዝ፣ የሚያበረው አውሮፕላን፣ ወደ ካፒቴንነት የሚያድግበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ቁጥር ተራ ይመረጣል። ከላይ ያሉት መርጠው የተረፈው ለጀማሪው ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፈረንጆቹን ገና ሁሉም ስለሚሻማው እኔ እነሱን ተክቼ እሠራና ታኅሣሥ 29 ቀን የእኛን ገና ከቤተሰቤ ጋር እውል ነበር፤ ፋሲካ ግን ሁልጊዜ እሑድ ስለሚውልና እሑድን የሚያገኙት ነባሮቹ ስለሆኑ አምስት ፋሲካ ሆቴል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት።

ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሪዘርቭ ላይ ይቀመጣል፤ ማለትም ተጠባባቂ ይሆናል። ዋስትናውን ያገኛል፤ በምላሹ ስልኩ በጮኸ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ አየር ማረፊያ መገኘት አለበት። ቤዜ ኒው ዮርክ፣ ቤቴ ቨርጂኒያ ስለነበር በኩዊንስ፣ ኪው ጋርደንስ በሚባለው ሰፈር ከሌሎች አብራሪዎች ጋር በተደራራቢ አልጋ የሞላ አንድ አፓርታማ ተከራይቼ ነበር። እዚያ ሰፈር የአየር መንገድ ሠራተኛ ከመብዛቱ የተነሣ በሙያው ሰዎች ዘንድ በቅጽል ስሙ «ክሩ ጋርደንስ» ይባላል። የላይኛው አልጋ የእኔ ነበር። ዩኒፎርሜን ተኩሼ በበሩ ላይ ሰቅዬ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጮኽ አራተኛው ቀን ሌሊት ይጮኻል። የአልጋው ኪራይና ከቤት ወደ ቤዝ የሚወስደው ጉዞ የሠራተኛው የራሱ ወጪ ነው፤ ጋሼ በወረቀታቸው ጀርባ ካልጻፉት ወጪ አንዱ ይህ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ቁጥሩ ከአየር መንገድ አየር መንገድ የማይሻገር መሆኑ ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሥራ ሲለውጥ ልምዱ ደመወዙን ይዞለት ይሄዳል። አብራሪ ግን ድርጅቱን ሲለውጥ፣ 20 ዓመት ካፒቴን ሆኖ ቢሠራም፣ በአዲሱ ቦታ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ ብዙውን ጊዜም በአንደኛ ዓመት ደመወዝ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢስተርንና ፓን አም በአንድ ዓመት ውስጥ ሲዘጉ ሽበት ያወጡ ካፒቴኖች ከሃያዎቹ ዕድሜ ወጣቶች በታች ረዳት አብራሪ ሆነው እንደገና የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅነሳ ሲመጣም ከታች ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም 30 ቀን የመንግሥት የደመወዝ ድጎማ ሲያበቃ በማግሥቱ ከ30 ሺሕ በላይ የአየር መንገድ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከደረሳቸው አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ የታክሲ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህን ስል ሙያው አያበላም ማለቴ አይደለም። በጣም ያበላል፤ ግን ዘግይቶ ነው። የሰዓቱ ዋጋ በአብዛኞቹ ውሎች ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ዓመት በየዓመቱ እየወጣ የሚሄድ መሰላል ነው፤ ከረዳት ወደ ካፒቴን፣ ከጠባብ ወደ ሰፊ አውሮፕላን ሲታለፍ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይዘላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለአየር መንገድ አብራሪዎች ያወጣው የግንቦት 2024 መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 226,600 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር እውነት ነው፤ ውስጡ ግን 30 ዓመት የሠሩ የሰፊ አውሮፕላን ካፒቴኖችም አሉበት። የ19 ዓመት ልጅ ዕዳ በዚህ ቁጥር ሊመዘን አይገባም።

ዋጋው ለምን በአንዴ እንደሚዘል ለመረዳት ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። የአየር መንገድ ሠራተኞች ኅብረት ስምምነት የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1926 ለባቡር ሐዲድ በወጣውና በ1936 ወደ አየር መንገድ በተዘረጋው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ውል አያልቅም፤ ጊዜው ሲደርስ «ሊሻሻል የሚችል» ይሆናል እንጂ የድሮው ደመወዝ አዲስ እስኪፈረም ድረስ ይቀጥላል። የሥራ ማቆም አድማም የፌዴራል አስታራቂ ቦርድ ድርድሩን እስኪለቅና የማቀዝቀዣው ጊዜ እስኪያልፍ አይፈቀድም። የዴልታ አብራሪዎች ውል ሊሻሻል የሚችል የሆነው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ወረርሽኙ መጣና አዲሱ ውል የጸደቀው በመጋቢት 2023 ሆነ። ያኔ በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ተገኘ፤ ሌሎቹም ትላልቅ አየር መንገዶች ተከተሉ። በዜና የተሰማው ጭማሪው ነው፤ በመካከሉ የነበሩት ያልተጨመረባቸው ዓመታት አልተሰሙም። ልጃችን ሙያውን ሲቀላቀል ውሉ በየትኛው ዕድሜው ላይ እንዳለ ማወቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ስለ ጥቅማ ጥቅም ከተነሣ ከሁሉ የሚበልጠው የጡረታ ቁጠባው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስለ ነፃ ትኬት ብቻ ይጠይቀኛል። የድሮዎቹ አብራሪዎች እስከ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ጡረታ ነበራቸው። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003፣ ዩናይትድ በ2005፣ የዴልታ አብራሪዎች በ2006 ኪሳራው ሲመጣ ያ ጡረታ ተቋርጦ ወደ መንግሥት ዋስትና ድርጅት ተዛወረ፤ ድርጅቱ ደግሞ የሚከፍለው እስከ ሕጉ ጣሪያ ድረስ ብቻ ስለሆነ ለ30 ዓመት የሠራ ካፒቴን የጠበቀውን ሳያገኝ ቀረ። ዛሬ በምትኩ ትላልቆቹ አየር መንገዶች ከአብራሪው ደመወዝ ላይ ሳይቀንሱ የደመወዙን ከ16 እስከ 18 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በራሳቸው ወጪ በስሙ በተከፈተው፣ ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ያስገባሉ። 200 ሺሕ ዶላር ለሚያገኝ ሰው 17 በመቶ ማለት በዓመት 34,000 ዶላር ነው፤ ድርጅቱ ቢወድቅ እንኳ በስሙ የተቀመጠ ነው። በአጭር ርቀቶቹ አየር መንገዶች ግን መዋጮው ከዚህ በእጅጉ ያነሰና ሠራተኛው ራሱ ካላዋጣ የማይገኝ በመሆኑ፣ ሁለት ደመወዝ ሲወዳደር ይህም ከሒሳቡ ሊገባ ይገባል። በአንዳንዶቹ ላይ የትርፍ ድርሻም አለ፤ ዴልታ ለ2023 ትርፉ ለሠራተኞቹ በድምሩ 1.4 ቢሊዮን ዶላር አከፋፍሏል፤ ትርፍ በሌለበት ዓመት ግን ድርሻ የለም።

ነፃ ትኬቱ አለ፤ ነገር ግን ትርፍ መቀመጫ ሲገኝ ብቻ ነው። አንድ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ሻንጣ ጎትተን ሄደን፣ ሦስቱንም ሌሊት በሩ ሲዘጋ አይተን ተመልሰናል። እናቴ በግ አስገዝታ ነበር።

ከጥቅሞቹ ሁሉ ቤተሰብ ሊያነበው የሚገባው የረጅም ጊዜ የሕመም ዋስትናው ነው። አብራሪ ሥራው የተንጠለጠለው በአንድ የሕክምና ወረቀት ላይ ነው። ካፒቴን ሆኖ ለማብረር የሚያስፈልገው የአንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው በየ12 ወሩ፣ 40 ከሞላው በኋላ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ 65 ሲሞላው ደግሞ ጤነኛም ቢሆን ሕጉ ከመሪው ያስነሣዋል። የልብ ምት ችግር፣ የስኳር መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ ታሪክ፣ የድብርት ሕክምና ወረቀቱን ሊያዘገየው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። ዋስትናው ጥሩ ከሆነ የደመወዙ ግማሽ ያህል ለዓመታት ይከፈለዋል፤ ደካማ ከሆነ ቤተሰቡ በአንድ ጠዋት ገቢውን ያጣል። ይህን በመፍራት ሕመሙን ደብቆ ሐኪም ዘንድ የማይሄድ ባልደረባ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥሩ የሕመም አንቀጽ ለተሳፋሪውም ደኅንነት ነው።

የደመወዝና የደኅንነት ትስስር በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በቡፋሎ አቅራቢያ የኮልጋን በረራ 3407 ወድቆ 50 ሰው ሲሞት ነው። በምርመራው ረዳት አብራሪዋ ከወላጆቿ ቤት ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ኒውአርክ ለሥራ እንደገባች፣ ዓመታዊ ደመወዟም 25 ሺሕ ዶላር እንደማይሞላ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሟች ቤተሰቦች ባደረጉት ትግል ሕግ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም ቢሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ሳይኖረው በአየር መንገድ እንዳይቀጠር ተደረገ፤ በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘና ትምህርት ቤቱ ለተፈቀደለት 1,000 ይበቃል። ይህ ሕግ ለጋሼ ሒሳብ ወሳኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚያስመርቀው በ250 ሰዓት አካባቢ ነው፤ የቀረውን ራሱ ሊሞላው ነው። አብዛኛው ሰው የሚሞላው በአነስተኛ ክፍያ አስተማሪ ሆኖ ሲሆን፣ ለእኔ ማናሳስ ውስጥ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ቅዳሜና እሑድ አስተምር፣ ሌሊት ታክሲ እነዳ ነበር። 1,500ው ከሞላ በኋላም ቅጥሩ በሩ ላይ አይጠብቅም፤ በ2022ና በ2023 የነበረው ሩጫ ከአውሮፕላን አቅርቦት መዘግየት ጋር ተያይዞ በ2024 ቀዝቅዟል።

ስለ ባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶችም ስለምጠየቅ በአጭሩ ልበል። እዚያ የሚከፈለው ወርኃዊ ደመወዝ ሆኖ የበረራ ክፍያ ይጨመርበታል፤ የገቢ ግብር የለም፤ ቤትና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይሰጣል። ስለዚህ የዱባይን ደመወዝ ከአሜሪካው የሰዓት ዋጋ ጋር ቁጥር ለቁጥር ማስተያየት አይቻልም። በሌላ በኩል እንደ ዱባይ ባለ ቦታ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ ሥራው ሲቋረጥ መኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይቋረጣል።

ከድግሱ በኋላ ባለው ሳምንት ከጋሼና ከልጃቸው ጋር በጓዳቸው ጠረጴዛ ተቀምጠን ወረቀቱን እንደገና ሠራነው። 100 ሺሕ ዶላር በ10 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ቢከፈል በወር 1,320 ዶላር ገደማ ነው። የትምህርቱ ጊዜና ሁለቱ የአስተማሪነት ዓመታት መጀመሪያ ላይ ገቡ፤ ከዚያ ግብር ሳይቀነስ በወር 6,750 ዶላር የሚገኝበት የመጀመሪያው የአየር መንገድ ዓመት፤ ከዚያ የአልጋው ኪራይ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ወረቀቱን አዩት፤ ልጁ ግን «እንደዚያም ቢሆን መብረር እፈልጋለሁ» አለ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔም ያንን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ፤ ምክንያቱም አሁን የሚገባበትን ያውቃል። ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤትን ከአጭሩ ትምህርት ቤት ጋር ሊያስተያይ ተስማማን፤ ብድሩንም በአንዴ ሳይሆን በየበረራ ፈቃዱ ደረጃ ለመውሰድ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ማንም አንድ ዶላር ሳይበደር የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምርመራውን እንዲያደርግ። ለዚህ የተፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ የቀለም መለየት ችሎታውን ማስመርመር ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሚያስወጣ ሲሆን፣ ብዙ ወላጆች ዕዳውን ከፈረሙ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነው። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተይዟል። ጋሼ ራሳቸው ሊወስዱት ነው፤ የብድር ማመልከቻው ደግሞ የዋሱ ቦታ ባዶ እንደሆነ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአየር መንገድ ካፒቴን፣
ከሰሜን ቨርጂኒያ